ዶክተሩ ማልቀስ ከልክሏል

አኖ ፔትራ፣ ማኒ
ጥቅምት 9 ቀን 1963

ይድረስ ለእታለም ስታማታ፣ የጀርመን ፋብሪካ ላደነቆራት የአጎቴ ልጅ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ እንዴት ነው? ቅድስት ፓራስኬቪ ከክፉ ነገር ትጠብቃችሁ። ጊዜ ከተረፋት የእኔን ጠባይ እንድታሻሽል ተስለሽ ነበር አሉ፤ አልተረፋትም።

አባትሽ አጎቴ ፒየሮስ ደህና ነው፤ ወይራ ዛፍ ላይ ወጥቶ እኔን ይሰድባል፣ እኔም ከታች ሆኜ እመልስለታለሁ። እናቴ ሰላም ብላሻለች፤ «የወንድሜን ሸሚዝ በደንብ አላጠብሽም» እያለች ከእናትሽ ጋር እንደ ወትሮው ትነታረካለች። በቅሎዋም ደህና ናት። ደህና ያልሆነችው እናትሽ ናት።

አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይሄን ጻፍ፣ ያን ጻፍ» ትለኛለች። ማንበብ ስለማትችል ደስ ያለኝን እጽፋለሁ። «ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ አሁን። «አክስቴ ጋሩፋሊያ እንደ ጽጌረዳ ፈክታለች ብዬ» አልኳት። «ውሸታም!» ብላ በሻሿ ሾጥ አደረገችኝ።

እውነቱ ይኸውልሽ። የዓይኗ ቆብ ጠርዙ ቀልቶ አብጧል። ጠዋት ሽፋሽፍቷ በዓይናር ተጣብቆ ያድርና በውሃ ካልራሰ አይከፈትም። ያሳክካታል፣ ታሻለች፤ ባሸች ቁጥር ይብስባታል። ከሽፋሽፍቷ ሥር እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት ይረግፋል። አንቺ እያለሽም ነበረባት፣ ዘንድሮ ግን ጠናባት።

ያልሞከርነው የለም። ሐምሌ ላይ ዓይን ታሽራለች ለምትባለው ለቅድስት ፓራስኬቪ በዓል ምንጩ ወርዳ፣ አገር በሙሉ በታጠበበት ውሃ ታጥባ፣ አገር በሙሉ በጠረገበት ፎጣ ጠረገች። ቀጥላ የቃል ኪዳን ቀለበቷን አሙቃ አሸችበት። ከዚያ ደግሞ ወንድ ልጅ የምታጠባ ሴት ወተት ያሽራል ብለዋት የጎረቤታችንን ምራት ጠብታ ስትለምን ከረመች። ምራቲቱ አሁን አክስቴን ከሩቅ ስታይ ጡቷን ይዛ በሌላ መንገድ ትዞራለች።

ለእኔ ግን የሚጎዳት ያ ሥራዋ ነው የሚመስለኝ። በሦስት መንደር ሰው በሞተ ቁጥር «ጋሩፋሊያ ትምጣ!» ነው። እሷ ሙሾ ካላወረደች ሬሳው ከቤት የሚወጣ አይመስላቸውም። በበቅሎ የማደርሳት እኔ ነኝ። በጥቁር ሻሿ ጫፍ ዓይኗን እያሸች ስታለቅስ ውላ፣ በማግስቱ ብታዪያት የበሰለች ቲማቲም መስላለች። እኔና በቅሎዋ የሰው ሞት ሰልችቶናል።

እዚያ ዓይን የሚያይ ዶክተር ካለ ጠይቂልን። ለእኔ ጥቁር መነጽር ላኪልኝ፤ ምንም አላመመኝም፣ ማማር ፈልጌ ነው።

ስታስታውሺው ራስሽን የሚያምሽ
ሊጎሮስ


ሽቱትጋርት
ኅዳር 2 ቀን 1963

ለአክስቴ ልጅ ለሊጎሮስ፤

እግዚአብሔር ከነቀልድህ ያኑርህ። እኛ ደህና ነን፣ ብርዱ ብቻ ነው። ደብዳቤህን ሳነብ ስቄ፣ ስጨርስ ግን ከፋኝ። የእናቴ እናት ዓይኗ ጠፍቶ፣ ከበር እስከ ውሃ ጉድጓዱ እርምጃ እየቆጠረች ስትሄድ አይቼ ነው ያደግኩት። እናቴም በልቧ የምትፈራው ያንን ነው።

ቋንቋ የሚችል ሰው ይዤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያለኝን ቃል በቃል አንብብላት።

«የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ቅባት የሚያወጡ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ ሲደፈኑ፣ ቅርፊቱም ሲጠራቀም፣ ጀርም ይራባበትና ቆቡ ይቆጣል። ከሰው ዓይን አይደለም፣ ከኃጢአትም አይደለም። ጭስና አቧራ ያብሱታል። ነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ እንደ ግቢ ነው፣ በየቀኑ ካልጠረጉት ቆሻሻው ይመለሳል።

ውሃ ይፍላ። ሲበርድላት፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ በጨፈነ ዓይኗ ላይ አሥር ደቂቃ ታኑር፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ በጣቷ ቀስ ብላ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ትጫነው፤ የተደፈነው ቅባት ይወጣል። ከዚያ የሕፃን ሳሙና በውሃ አቅጥና በጥጥ የሽፋሽፍቷን ሥር ታጽዳ። ስትተኛ ያዘዝኩትን ቅባት የስንዴ ፍሬ የሚያህል ትቀባ። ጨርቁ የእሷ ብቻ ይሁን።

ማልቀስ ምንም አይላትም። ማሸት ግን ይቅርባት።»

ቅባቱን ከመነጽርህ ጋር በአንድ ጥቅል ልኬያለሁ። መነጽሩ ለማማር ይበቃህ እንደሆነ እንጃ።

ስታማታ


አኖ ፔትራ
ኅዳር 28 ቀን 1963

ይድረስ ለእታለም፣ የዶክተሮች ሁሉ አማካሪ፤

ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ ይድረስሽ። መነጽሩን አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ብገባ ቄሱ ቅዳሴ አቁመው «ማን ሞተብህ?» አሉኝ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ቆመሽ ከሆነ ማሽኑ እንዳይቆርጥሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ዝናብ ነበር። አጎቴ ወይራ መጭመቂያው ወርዷል። ታችኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ሞቶ፣ በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ቆማለች፣ እናትሽ ጥቁር ሻሿን አጥልቃለች። «ከመሄዳችን በፊት አንብብልኝ» አለች፣ ልክ እንደ ወንጌል እጇን አጣጥፋ። አነበብኩ። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ጥጡ፣ ሁሉንም ሳላዛባ። ማልቀስ የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብል በቅሎዋ በበሩ አሻግራ ታየኛለች፣ ከጆሮዋ ውሃ ይንጠባጠባል። አዘንኩላት። ለራሴም አዘንኩ።

«ዶክተሩ ማልቀስ ከልክሏል» ብዬ አነበብኩ። «በዚህ ቅባት ላይ አንዲት ጠብታ እንባ ከወረደች ዓይን ይጠፋል።»

ጫማ የምትወረውርብኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። አማተበች እንጂ!

«እስከ መቼ?» አለችኝ።
«እስኪሽር።»
«በሰው ሞትም?»
«በማንም ሞት።»
«በማንም ብሎ ጽፏል?»
«እንዲያውም አስምሮበታል።»

ጣቴ ያለበትን ቦታ ትክ ብላ አየችው። ተነስታ ራሷ በቅሎዋን አራገፈቻት። ሽማግሌው በተገኘው ሙሾ ተቀበረ፤ ምንም አልሆነም፣ ሞቶ ቀረ። በቅሎዋ ለአንቺ ሰላምታ ልካለች።

አሁን ዓይኗን ስታጥብ ብታዪያት ቄስ ጽዋ እያጠበ ነው ትያለሽ።

ሊጎሮስ፣ ረዳት ሐኪም


ሽቱትጋርት
ታኅሣሥ 20 ቀን 1963

ለአንተ ለማትረባው፤

ጌታ በመጪው ልደቱ ልብ ይስጥህ። በምሳ ሰዓት አንብቤው ስቄ ስቄ፣ ጀርመኗ አለቃዬ «አመመሽ ወይ?» አለችኝ።

ንገራት። ቀልድ ነው በላት።

ቆይ፣ አትንገራት። አሁን ስጽፍ ሳስበው፣ ካለቀሰች ማሸቷ አይቀርም። ደህና አድርጎ እስኪሽርላት ተወው። የሰው ሬሳ ያለ እሷም ይቀበራል። ሐምሌ ስመጣ እኔው እነግራታለሁ፣ ሦስታችንም አብረን እንስቃለን።

ደግሞ ብቻዬን አልመጣም። ሚያዝያ ላይ እወልዳለሁ። ይሄን ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ አንብብላት።

ስታማታ


አኖ ፔትራ
ጥር 24 ቀን 1964

ይድረስ ለእታለም ስታማታ፣ በሁለት ሰው ሆድ ለምትበላው፤

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ፤ ልጁ በእኔ ይውጣ ብዬ ስጸልይ እናትሽ ሰምታ በማንኪያ መታችኝ። ስትመታኝ ደግሞ አልሳተችኝም፣ ምክንያቱም ዓይኗ ድኗል!

ቅርፊቱ ጠፍቷል፣ ቅላቱ የለም። መርፌ በራሷ ታስገባለች፤ ለልጁ ሸሚዝ እየሰፋች ነው። ከቤታችሁ ግንብ አናት ላይ ሆና ወይራ ሥር የማጨሰውን ሲጋራ ትቆጥራለች። ምን በደልኩሽ?

በቀደም ራት ስታቀርብ አጎቴን ትክ ብላ አየችውና «ፒየሮስ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» አለችው።

«አንቺ ሳታዪ» አላት።

«እኔስ?»

«አንቺን እኔ እያየሁ ነው የሸበትሽው፤ ግን አልተናገርኩም።» ቀልቶ ወደ ዳቦው አጎነበሰ። ሽማግሌ ሲያፍር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሁለት ቀብር ላይ አልሄደችም። እናቴ «ኩራት ጀመራት» ትላለች። አክስቴ የዶክተሩን ነገር ብትነግራቸው ማንም አላመናትም። «የልጅ ልጄን ሳላይ ዓይኔ አይጠፋም፣ የፈለጉትን ይበሉ» ትለኛለች።

ብስክሌት ላኪልኝ። በቅሎዋ ከሥራ ወጥታለች።

ሊጎሮስ


ሽቱትጋርት
መጋቢት 1 ቀን 1964

ለወንድሜ ለሊጎሮስ፤

እግዚአብሔር እናንተን ያጽናችሁ፣ እኔንም።

ቴሌግራሙ «ፒየሮስ ዐረፈ፣ ተቀበረ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። አባቴ በሦስት ቃል አለቀ። በባቡር ልምጣ ብል ሐኪሙ ሆድሽ ገፍቷል ብሎ ከለከለኝ። እዚህ ሰው ሲሞት ፋብሪካው ውስጥ የሚጮህበት ቦታ የለም፤ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እናቴ ምን ብላ እንዳለቀሰችለት ጻፍልኝ። ለባዕድ እንዲያ የምታወርድ ሴት ለአባቴ ምን እንዳለች ልስማ። አንድ ቃል አታስቀር። እሱን ካነበብኩ የቀበርኩት ይመስለኛል።

ስታማታ


አኖ ፔትራ
መጋቢት 20 ቀን 1964

ይድረስ ለእታለም ስታማታ፤

ቅድስት ማርያም መጽናናቱን ትስጥሽ።

አጎቴ ወይራ መጭመቂያው ጋ ጆንያ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ተቀመጠ። ጋደም ያለ መስሎን ነበር። አልተሰቃየም። በበቅሎዋ ጭነን ነው ወደ ቤት ያመጣነው፤ በቅሎዋ አንዴም አልተደናቀፈችም፣ ያንን ገደል ታውቂው የለ፣ እግሯን እየመረጠች ነበር የምታስቀምጠው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መቃብሩ ሲቆፈር ድንጋይ አስቸግሮ እኔም ቆፍሬያለሁ፣ እጄ ተልጧል። ከሦስቱም መንደር ሰው መጥቷል። በስኳር ለሚታደለው የተዝካር ንፍሮ ስንዴውን እናቴ ቀቀለችው፣ ስኳር በዛበት ተባለ። በቅሎዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ በደንብ አትበላም።

እናትሽ ዓይኗ ደህና ነው።

ብስክሌቱን ተዪው፣ አልፈልግም።

ሊጎሮስ


ሽቱትጋርት
ሚያዝያ 22 ቀን 1964

ሊጎሮስ፤

ሴት ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ ናት። ለእናቴ ንገራት።

ስለ በቅሎ ጽፈህልኛል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ስኳር ጽፈህልኛል። እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።

ነግረሃት ነበር አይደል? አባቴ ሲሞት ቀልድ መሆኑን ነግረሃት ነበር?

ስታማታ


አኖ ፔትራ
ግንቦት 10 ቀን 1964

ስታማታ፤

ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

አልነገርኳትም።

በአገራችን ሚስት ሳትጀምር ማንም እንደማይጀምር ታውቂያለሽ። ሴቶቹ ሬሳ ሣጥኑን ከበው ተቀመጡ፣ በራሱ በኩል ያለውን ቦታ ለእሷ ተዉላት። ወንዶቹ በር ላይ ቆመናል። እናትሽ ገብታ የሣጥኑን ጠርዝ ያዘች። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀና ብላ በሰው ሁሉ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኛ። በአገጯ ጠየቀችኝ፦ ለእሱም?

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አልቅሺ» ብላት ኖሮ። በአጎቴ ሬሳ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ «ቀልዴን ነበር» ማለት አቃተኝ። ጫማዬን አየሁ። እሷ ያንን እንደ መልስ ቆጠረችው። ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ጠርዙን ጨብጣ፣ እስክንወጣ ድረስ አልተነፈሰችም።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። «ዓይንሽ እንዴት ጠርቷል ጋሩፋሊያ!» አለቻት። «ለማን ልትኳይው ነው?» ራሷ ሙሾውን ጀመረች፣ ሴቶቹም እሷን ተከተሉ። ለእናትሽ ጀርባቸውን ሰጥተው አለቀሱ።

ከቀብር ማንም አላደረሳትም። በአርባው ንፍሮዋን ማንም አልቀመሰም፤ ሣህኑን እንደ ሞላ ተሸክማ ተመለሰች። ፋሲካ ላይ ሐዘንተኛ ቤት ቀይ እንቁላል ይዞ መግባት ወግ ነው፤ ለእሷ ማንም አላመጣም። እኔ ሁለት ሰርቄ ወሰድኩላት።

ጠዋትና ማታ ዓይኗን ታጥባለች። አንድ ቀን አላጓደለችም።

ለእናቴ ነገርኳት፣ ስታማታ። ተንበርክኬ «የዶክተሩን ቃል እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳት። በጥፊ መታችኝ። «በወንድሜ መቃብር ላይ ደግሞ ትቀልዳለህ?» አለችኝ። ለሴቶቹ ውሃ ጉድጓዱ ጋ ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀች። ሌላዋ «አክስቱ ልካው ነው» አለች። በሕይወቴ እውነት የተናገርኩት ያን ቀን ነው፣ የሚሰማኝ ግን አጣሁ።

ሌላም አለ። እናትሽ ደብዳቤውን ቄሱ ጮክ ብለው እንዲያነቡላት ፈለገች። «ወረቀቱ ይመስክርልኝ» አለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ። «ጠፍቷል» አልኳት። ሳጥኗን ገለበጠች፣ ፍራሹን ቀደደች፣ ከሥዕሉ ኋላ ፈለገች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ፣ ደብዳቤው ከሸሚዜ ውስጥ ብብቴ ሥር እያለ። ይኸው ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

ለእሷ ልነግራት ሦስቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ንገራት ካልሽኝ እነግራታለሁ። ምን ላድርግ?

ሊጎሮስ


ሰኔ 14

ስታማታ፤ ደብዳቤዬ ደርሶሻል? እናትሽ አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር መንገድ ላይ ትቆማለች።


ሐምሌ 30

ስታማታ፤ በሐምሌ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። እናትሽ ለልጅሽ ሦስት ሸሚዝ ሰፍታ ጨርሳለች። ባትጽፊልኝም ለእሷ ጻፊላት።


ሽቱትጋርት
ነሐሴ 21 ቀን 1964

ሊጎሮስ፤

ሰላም ለቤቱ።

ዝም ያልኩህ ስለጠላሁህ ነበር። ሐምሌ ላይ የባቡር ትኬት ቆርጬ መልሼዋለሁ፤ ፊቷን አይቼ መዋሸትም እውነቱን መናገርም አልቻልኩም። ከዚያ የታኅሣሡ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ፤ አስቀምጠኸው ከሆነ አውጥተህ አንብበው። «ተወው» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ያልከውን በአንድ ቀን ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እየሳቅኩ።

ለእናቴ እንዳትነግራት። ብታውቅ የሠላሳ አራት ዓመት ባሏን በአንድ ቧልት ምክንያት በዝምታ እንደሸኘችው ታውቃለች። መንደሩ ፊቱን ቢያዞርባት ትችለዋለች። ያንን ግን አትችለውም።

የላክህልኝን ደብዳቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በምትኩ ሌላ ጽፌያለሁ፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቀለም፣ ከላዩ ኅዳር 2 ቀን 1963 ብዬ። ጨርቁም፣ ጥጡም፣ ሳሙናውም እንዳለ ነው። መጨረሻው ላይ «ዶክተሩ ማልቀስ ከልክሏል። በማንም ሞት» የሚል ጨምሬያለሁ። አስምሬበታለሁም።

አገኘሁት ብለህ ለቄሱ ስጣቸው። እሑድ ሰው ሳይበተን ያንብቡት።

አንተ ደግሞ እስክትሞት አፍህን ትዘጋለህ። ይቅርታ አልሰጥህም፣ ለራሴም የለኝምና ከየት አመጣዋለሁ።

ስታማታ


አኖ ፔትራ
መስከረም 8 ቀን 1964

ይድረስ ለእታለም ስታማታ፤

እግዚአብሔር አንቺንና ሕፃኗን ይጠብቅ።

ቄሱ እሑድ አነበቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አነበቡት። እናቴ መጀመሪያ ተነሳች። መሀል ላይ እናትሽ እግር ሥር ወደቀች፤ «ጋሩፋሊያ፣ ምላሴ ይቆረጥ» አለች። እኔን ዞራ አላየችኝም። ሴቶቹ ተራ በተራ ሳሟት። ያቺ ወተቷን ስትደብቅ የነበረችው ምራት እንኳ። ከሰዓት በኋላ ቤቷ በሣህን ተሞላ።

እናትሽ ወረቀቱን ከቄሱ ተቀብላ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አላለቀሰችም፣ ማንም አልከፋውም።

ሁሉም ሲሄዱ ውሃውን አሞቅኩላት። አሁን ጨርቁን የምነክረው እኔ ነኝ። ጨርቁ ዓይኗ ላይ እያለ፣ ከሥሩ ሆና ጠራችኝ።

«ሊጎሮስ፣ ዶክተሩ ባይከለክለኝ ኖሮ አለቅስለት ነበር፣ አይደል?»

«ታለቅሺለት ነበር፣ አክስቴ።»

«ቢከለክለኝም ላለቅስ ይገባኝ ነበር።»

ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ።

«ለዓይኔ ሳሳሁ» አለች። «የልጄን ልጅ ልይ ብዬ እሱን በዝምታ ሸኘሁት። ያቺ ልጅ ስትመጣ በየትኛው ፊቴ ላያት ነው?»

ደግሞም፣ «ምን እለው እንደነበር ልንገርህ?» አለችኝ። ሳትጮህ፣ ዜማ ሳታወጣ፣ የገበያ ዕቃ እንደምትቆጥር ሰው ተናገረችው። ያልሽኝን አልረሳሁም፣ አንድ ቃል አላስቀረሁም፤

ወይራ ስትለቅም እጅህ የሻከረ፣
ፊቴን ስትዳብስ ሐር ይመስል ነበረ።
ለሌላው ሬሳ ስጮህ ኖሬ ኖሬ፣
ያንተ ተራ ሲደርስ ደረቀ ከንፈሬ።
ዓይኔስ ድኖልኛል፣ እንደ ምንጭ ጠርቷል፣
የሚያየው ሰው ግና ወጥቶ ከደጅ ቀርቷል።

ከዚህ በላይም ነበራት፤ መሀሉ ላይ አቋረጠች። ጨርቁን ከዓይኗ አንስታ በጣቷ ጉንጯን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ፈርታ አየችኝ።

«ይሄ ማልቀስ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እንባ የለውም። ይቆጠርብኝ ይሆን? ስታማታን ዶክተሩን ጠይቂልኝ በልልኝ።»

ይኸው ብያለሁ።

ሊጎሮስ


ቴሌግራም
ሽቱትጋርት፣ መስከረም 17 ቀን 1964

ዶክተሩን ጠየቅኩት። ድናለች፣ ታልቅስ ብሏል። አንተው አንብብላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ጋ ውሰዳት። በዚያው ሰዓት ልጄን ይዤ እዚህ አብሬያት አለቅሳለሁ። ስታማታ።